ቁና ቁና ተንፍሼ አለቀስኩ፤ ታዲያ ለምን ባሰብኝ?

ጥያቄ፦

«እናቴ ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። በቀብሯም ከዚያም በኋላ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ‹ጠንካራ ናት› ይለኛል። እኔ ግን ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተጭኖኝ ነው የምውለው። አንዳንዴ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል። ባለፈው ወር ጓደኛዬ በትንፋሽ ስሜትን ማውጣት ወደሚባል የቡድን ልምምድ ወሰደችኝ። ተጋድመን፣ ዓይናችን ተሸፍኖ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ በአፋችን በፍጥነት እንድንተነፍስ ተደረገ። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሬና ጣቶቼ ደነዘዙ። እጆቼ ተኮማትረው አልታዘዝ አሉኝ። ከዚያ እንባዬ ገነፈለ፣ እየጮህኩ አለቀስኩ። አሠልጣኙ ‹እጅሽ ላይ የታሰረው የእናትሽ ሐዘን ነው፤ እየወጣ ነው፣ አትከላከዪው› አለኝ። ሁለት ቀን ቀለል አለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ከድሮውም ባሰ፣ እንቅልፍም አጣሁ። እሱ ‹ገና አልጨረሽም፣ ደጋግመሽ መምጣት አለብሽ፤ ቤትም ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተጋድመሽ ተለማመጂው› ይላል። እኔ ደግሞ ቤት ሆኜ ቀስ ብዬ በጥልቀት ልተንፍስ ስል ጭራሽ ይጨንቀኛል። ልቀጥል ወይስ ልተው? እኔ ላይ የተበላሸ ነገር አለ?»

ትንፋሽ ያጠራት

መልስ፦

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርልሽ። ያነሳሽው ነገር ብዙ ነው፣ አንድ በአንድ እመጣበታለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ያንን ፈጣን አተነፋፈስ ውሃ ውስጥ ሆነሽ እንዳትሞክሪው። ገንዳ ውስጥም፣ መዋኛ ውስጥም፣ ውሃው እስከ ጉልበት ብቻ ቢሆንም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ይቺን ከያዝሽ ሌላውም ይገባሻል። ትንፋሻችንን ይዘን ስንቆይ ደረታችንን የሚያስጨንቀን፣ «ቶሎ ተንፍስ» የሚለን ነገር በዋናነት የኦክስጅን ማነስ አይደለም። ደም ውስጥ እየተጠራቀመ የሚሄደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቁና ቁና ስትተነፍሺ ይህን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠራርገሽ ታስወጪዋለሽ። ኦክስጅኑ ግን እምብዛም አይጨምርም፤ ጤነኛ ሰው በደሙ የሚይዘው ኦክስጅን ድሮውንም ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። ኦክስጅኑ እየወረደ እያለ እንኳ መተንፈስ አያምርሽም፤ ሳይታወቅሽ ራስሽን ልትስቺ ትችያለሽ። አልጋ ላይ ብትስቺ ሰውነትሽ በራሱ ጊዜ መተንፈስ ይጀምራል፣ ትነቂያለሽ። ውሃ ውስጥ ግን መጀመሪያ የምትስቢው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። ጎበዝ ዋናተኞች ሳይቀሩ በዚህ መንገድ ሞተዋል።

አሠልጣኙ ክፉ ሰው ነው አልልሽም። ሊረዳሽ እንደፈለገ አምናለሁ። ግን ገንዳ ውስጥ ተለማመጂው ያለ ሰው የሚያስተምረውን ነገር አሠራር በደንብ አያውቀውም። ሌላውንም ቃሉን በዚሁ ሚዛን እይው።

ወደ እጅሽ ልምጣ። እንዴት እንደሆነ ልገምት፦ አውራ ጣትሽ ወደ መዳፍሽ ታጠፈ፣ አራቱ ጣቶችሽ ቀጥ ብለው እርስ በርስ ተጣበቁ፣ የእጅሽ አንጓ ወደ ውስጥ ጎበጠ፣ ክፈት ብትዪው እምቢ አለ። ከንፈርሽ ዙሪያም ነዘረሽ። ይህን ማንኛውም የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ያውቀዋል፤ በድንጋጤ ቁና ቁና እየተነፈሰ በሚመጣ ሰው ላይ በተደጋጋሚ ያየዋል። የሚሆነው እንዲህ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ሲወጣ የደሙ አሲድነት ይቀንሳል። አሲድነቱ ሲቀንስ በደም ውስጥ በነጻ የሚዞረው ካልሲየም ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ነጻው ካልሲየም ሲያንስ ነርቮች ማንም ሳያዛቸው መልእክት መላክ ይጀምራሉ፤ ጣት ይነዝራል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። ትንፋሹ ወደ ቦታው ሲመለስ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

ይህ ሐዘን ባለበትም በሌለበትም ሰው ላይ ይሆናል። በሕይወቱ ማንንም ያልቀበረ ሰው አጋድመሽ ያን ያህል በፍጥነት ብታስተነፍሺው የሱም እጅ እንዳንቺው ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ እጅሽ ላይ የእናትሽ ሐዘን አልታሰረም ነበር። አንቺም ምንም አልተከላከልሽም።

ይህን የምልሽ እንባሽን ለማሳነስ አይደለም። እንባሽ እውነት ነው። ለእናትሽ ነው ያለቀስሽው፣ ይህን ማንም ሊወስድብሽ አይገባም። እኔ ውሸት የምለው ለእንባሽ የተሰጠውን ማብራሪያ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ አንጎል ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ለዚህ ነው የሚያዞረው፣ በሕልም ውስጥ ያለሽ የሚያስመስለው፤ ራስን መቆጣጠር ላላ ይላል። በዚያ ላይ ዓይንሽ ተሸፍኗል፣ ሙዚቃው ሆድ ያባባል፣ አጠገብሽ ሌላ ሰው እየጮኸ ያለቅሳል፣ ከላይ ደግሞ «ልቀቂው» የሚል ድምፅ አለ። ስምንት ወር ሙሉ «ጠንካራ ናት» ሲሏት ለከረመች ሴት ማልቀስ ይቻላል የሚል ፈቃድ ብቻውን ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እኔ እንደማስበው በዚያ ክፍል ውስጥ ካገኘሽው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ እጅ እስኪቆለፍ መተንፈስ አያስፈልግም።

ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅምሻል። ፈጣን ትንፋሽን ከሙዚቃ ጋር ያጣመረው፣ ሆሎትሮፒክ የሚባለው ዘዴ የስታኒስላቭ ግሮፍና የባለቤቱ የክርስቲና ግሮፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው የቀመሩት። ግሮፍ ፕራግ የተወለደ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ኤልኤስዲ የተባለውን፣ አእምሮን የሚያናውጥ ንጥረ ነገር ለሕክምና ይውል እንደሆነ ሲያጠና ነበር። ኤልኤስዲ በሕግ ሲታገድ ወደዚያው ሁኔታ በትንፋሽ ብቻ መድረስ ይቻል እንደሆነ ማየት ጀመረ። እንግዲህ የዘዴው ዓላማ ከመነሻው ማረጋጋት አልነበረም። አእምሮን ከተለመደው ቦታው ማስወጣት ነው። አንቺ ዕረፍት ፈልገሽ ሄደሽ የገባሽበት ነገር ሌላ ነው ማለቴ ነው፤ ይህን ደግሞ በር ላይ ሊነግሩሽ ይገባ ነበር።

በግሮፍ ዘዴ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚገቡት። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ከመግባታቸው በፊትም ስለ ጤናቸው ይጠየቃሉ። አንቺን ማን ጠበቀሽ? ልብሽ አንዳንዴ ያለ ምክንያት እንደሚመታ ማን ጠየቀሽ? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘሁበትም።

በሦስተኛው ቀን ለምን ባሰብሽ? ሐዘን በውስጣችን ተጠራቅሞ የተቀመጠ፣ በበቂ ሁኔታ ከወጣ የሚያልቅ ነገር ነው የሚል እምነት አለ። ብዙ ሰው ሳያስበው ያምነዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን በደንብ አልቅሰን እንጨርሰው ነበር። ስለ ንዴት የተሠራ ሰፊ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ150 በላይ ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ነው። ሰውነትን የሚያነሳሱና የሚያግሉ ነገሮች ንዴትን እንደማይቀንሱ አገኘ። የቀነሱት ሰውነትን የሚያበርዱት ናቸው፤ ዝግ ያለ ትንፋሽ፣ ጡንቻን ማላላት፣ ማሰላሰል። ሐዘንና ንዴት አንድ አይደሉም፣ አውቃለሁ። ግን «በኃይል ከወጣልሽ ይቀልሻል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጸና እንዳልሆነ ያሳያል።

ስለ ሐዘን ደግሞ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት አስተሳሰብ አለ፤ በጣም የምወደው ነው። ያዘነ ሰው በሁለት ነገር መሃል ይመላለሳል ይላሉ። አንዴ ወደ ሟቹ ይሄዳል፤ ይናፍቃል፣ ያለቅሳል፣ ፎቶ ያያል። አንዴ ደግሞ ወደ ኑሮው ይመለሳል፤ ሥራ ይሠራል፣ ይስቃል፣ ስለ ነገ ያስባል። ጤናማው ነገር መመላለሱ ነው። አንቺ ስምንት ወር በአንደኛው በኩል ቆየሽ፤ ከዚያ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ያለ ማንም እገዛ ወደ ሌላኛው ተወረወርሽ። ስትመለሺ ሁለት ቀን መቅለሉም ያለ ነው። በሦስተኛው ቀን ናፍቆቱ ሙሉ ሆኖ መምጣቱም ያለ ነው። ባሰብሽ ማለት አልጨረስሽም ማለት አይደለም፣ ተበላሸሽ ማለትም አይደለም። እናትሽ እንደሌሉ ሰውነትሽ ጭምር ያወቀበት ቀን ሊሆን ይችላል።

«ገና አልጨረሽም፣ ተመለሺ» የሚለው አባባል ግን ያበሳጨኛል፣ ልደብቅሽ አልችልም። እስቲ አስቢው፦ ቢሻልሽ ዘዴው ሠርቷል ይባላል፤ ቢብስብሽ ደግሞ ይደገም ይባላል። ሰውየው የሚሳሳትበት አንድም መንገድ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ባየሽበት ሁሉ ቆም በዪ።

አለማልቀስሽም በራሱ በሽታ አይደለም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ቦናኖ ሰው የሞተባቸውን ሰዎች ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ አጥንቷል። ብዙ ሰው ከባድ ሐዘን ሳያሳይ ኑሮውን እንደሚቀጥል፣ ይህም ሐዘኑ ታምቆ አንድ ቀን ይፈነዳል ማለት እንዳልሆነ አሳይቷል። አንቺ ደረትሽ ላይ የተጫነ ነገር ስላለ እርዳታ ይገባሻል። ግን ስላላለቀስሽ ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ። አንዳንዱ ሰው እንባው ቅርብ ነው፣ አንዳንዱ በሥራው፣ በዝምታው፣ ማታ ማታ በሚያስበው ነገር ያዝናል።

ቀስ ብለሽ በጥልቀት ለመተንፈስ ስትሞክሪ ለምን ይጨንቅሻል? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው «በጥልቀት ተንፍሺ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር ነው። ደረታችንን ነፍተን፣ ትከሻችንን ወደ ጆሯችን አንስተን፣ የአንገታችን ጅማት እስኪታይ የቻልነውን ያህል አየር እንስባለን። ይህንን ደጋግመሽ ካደረግሽ ቀስ ብትዪም መጠኑ በዝቷል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንደገና ይወርዳል፣ ያ ማዞርና መንዘር ይመጣል፣ አንቺም «ደግሞ ጀመረኝ» ብለሽ ትደነግጫለሽ። ሁለተኛው ምክንያት ጸጥታው ነው። ቀኑን ሙሉ በሥራ የሸሸሽው ነገር ዝም ስትዪ ያገኝሻል። ዘና ለማለት ሲሞክሩ ይልቁንም የሚጨነቁ ሰዎች መኖራቸው በሥነ ልቦና የታወቀ ነው። አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ስለዚህ ጥልቀቱን እርሺው። ትንሽና ዝግ ያለ ትንፋሽ ነው የምንፈልገው፣ በተለይ የሚወጣው ረዘም ያለ።

ለምን የሚወጣው እንደሆነ በራስሽ ላይ ማየት ትችያለሽ። የልብ ምትሽን መከታተል የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ግን ይቺ ትለፍሽ። የአንዱን እጅሽን ሁለት ጣቶች በሌላው እጅሽ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣትሽ በኩል አድርጊና ምቱን ፈልጊ። ትንፋሽሽን ሳትቀይሪ ዝም ብለሽ ተከታተዪው። ወደ ውስጥ ስትስቢ ምቱ ትንሽ ፈጠን ይላል፣ ስታስወጪ ዘግየት ይላል። በወጣትነት ልዩነቱ ጎላ ይላል፣ ዕድሜ ሲገፋ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ባይታወቅሽም ችግር አለ ማለት አይደለም። ይህን የሚያደርገው ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቫገስ የሚባል ነርቭ ነው። ስታስወጪ ልብን ያዝ ያደርገዋል፣ ስትስቢ ለቀቅ። ልብን በቀጥታ «ቀስ በል» ማለት አንችልም፤ ጨጓራንም እንደዚያው። ትንፋሽ ግን በራሱም ይሄዳል፣ ስንፈልግም እንመራዋለን፤ በሱ በኩል ልብ ጋር እንደርሳለን። ሥርዓቱ ይኸው ነው፣ ምንም ምሥጢር የለውም።

አሁን ሞክሪው። ተቀመጪ። መጋደም የለብሽም። ዓይንሽንም አትጨፍኚ፤ ፊት ለፊትሽ ያለውን ግድግዳ ወይም መስኮት እያየሽ ነው። የውስጥ እግርሽ ሙሉው መሬት ይንካ። አፍሽን ግጠሚና በአፍንጫሽ ትንሽ አየር ሳቢ፤ አጠገብሽ ሰው ቢኖር የማይሰማው ያህል ትንሽ። አንድ እጅሽን እምብርትሽ ላይ አድርጊው፤ እጁ ወደ ፊት ገፋ ካለ ጥሩ ነው፣ ትከሻሽ ከተነሳ ግን በዝቷል። ከዚያ ሳትገፊው ይውጣ። በልብሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ ትስቢያለሽ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ ታስወጫለሽ። መሃል ላይ መያዝ የለም። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ያህል ነው፣ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ማለት ነው። ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው የሚተነፍሰው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቢከብድሽ አይገርምም። አየር ካጠረሽ እስከ ሦስት ሳቢ፣ እስከ አራት አስወጪ። ቁጥሩን ለማሟላት ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ፈተና ይሆንብሻል።

ይቺ በደቂቃ ስድስት የምትባለው ነገር ደስ የሚል ታሪክ አላት። ሉቺያኖ በርናርዲ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ጥናት አወጡ። ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙና የዮጋ ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል ቃል) ሲያሰሙ ትንፋሻቸውን ለኩ። ሁለቱም ሰውን ወደዚያችው ወደ ስድስት ገደማ ያመጡታል። በዚህ ፍጥነት ሲተነፈስ የልብ ምትና የደም ግፊት ውጣ ውረዳቸው እርስ በርሱ ይገጥማል፤ ሰውነት የደም ግፊትን የሚያስተካክልበት መንገድም ይሻሻላል። በተለያየ እምነት ያሉ ሰዎች አንድ ቦታ መድረሳቸው እኔን ሁልጊዜ ይነካኛል።

ሌላም አለ፣ እንዲያውም ላንቺ ይህኛው የሚስማማ ይመስለኛል። በአፍንጫሽ ትስቢያለሽ፤ ልክ ስትጨርሺ በላዩ ላይ አጠር ያለች ሁለተኛ ትጨምሪበታለሽ፤ ከዚያ በአፍሽ ቀስ አድርገሽ እስኪያልቅ ታስወጫለሽ። ሰው እፎይ ሲል የሚያደርገው ዓይነት ነው። ሰውነታችን ሳናዘው በየጥቂት ደቂቃው እንዲህ ያደርጋል፤ ሳንባ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ሲጣበቁ እንደገና ይከፍታቸዋል። አልቅሶ የጨረሰ ሕፃን ሲያደርገው አይተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከ100 በላይ ሰዎችን በቡድን ከፋፍለው በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር አለማመዱ። አንዱ ቡድን ይህን አደረገ፣ አንዱ እኩል እየሳበና እየያዘ፣ አንዱ በፍጥነት እየተነፈሰ፣ አንዱ ደግሞ ትንፋሹን ሳይቀይር ዝም ብሎ እያስተዋለ። ጭንቀት በሁሉም ቀነሰ። ስሜታቸው ይበልጥ የተሻሻለው ግን ማስወጣቱን ያስረዘሙት ናቸው። አምስት ደቂቃ ነው፤ ልቅሶ የለም፣ ሙዚቃ የለም።

ተአምር ነው እያልኩሽ አይደለም። በዚያው ዓመት ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሌላ ምርመራ የትንፋሽ ልምምድ ውጥረትን ይቀንሳል፣ ግን መጠኑ ከትንሽ እስከ መካከለኛ ነው ብሏል። እኔም የምጠብቅልሽ ያን ያህል ነው። ማታ አልጋ ላይ መገላበጡ ትንሽ ያጥርልሻል። ደረትሽ ሲከብድ የምታደርጊው ነገር ይኖርሻል። ለእናትሽ ያለሽን ናፍቆት አያጠፋም፣ እንዲያጠፋም የምትፈልጊ አይመስለኝም።

ልምምዱን ጭንቀቱ ሲጠናብሽ አትጀምሪው። ደህና በሆንሽበት ሰዓት፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ሰውነትሽ ሲለምደው ከፍ ታደርጊዋለሽ። ተቀምጦ ትንፋሽን ማዳመጥ አሁንም ካስጨነቀሽ እየሄድሽ አድርጊው፦ በሦስት እርምጃ ሳቢ፣ በአምስት አስወጪ። ማንጎራጎርም ያው ነው፤ ዜማ ስታሰሚ ማስወጣቱ በራሱ ይረዝማል። እናትሽ የሚያንጎራጉሩት ዜማ ካለ እሱን ማድረግ ትችያለሽ፣ ሆድ ካላስባሰሽ። ቢያስብስሽም ክፉ አይደለም።

መሃል ላይ እንባ ቢመጣስ? ይምጣ። ቀስ ብለው ሲተነፍሱም ሰዎች ያለቅሳሉ፣ ብዙ ጊዜ። ልዩነቱ እዚህ መሪው በእጅሽ መሆኑ ነው። ዓይንሽ ክፍት ነው፣ እግርሽ መሬት ነክቷል፣ በፈለግሽ ሰዓት ታቆሚያለሽ። እንባው ካየለብሽ ስለ ትንፋሽ ማሰቡን ተዪውና ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ነገሮች በስማቸው ጥሪ፤ ወንበር፣ መጋረጃ፣ መጽሐፍ። ቀዝቃዛ ነገር በእጅሽ ያዢ። ሲረጋጋ ብትቀጥዪም ባትቀጥዪም ልክ ነሽ።

ልቀጥል ወይስ ልተው ላልሽው፣ እኔን ከጠየቅሽኝ አሁን አትመለሺ። እንቅልፍሽ ሳይስተካከል፣ የልብሽ ነገር ሳይታይ፣ አይሆንም። ፈጣኑን አተነፋፈስ ጭራሽ መሞከር የሌለባቸው ሰዎችም አሉ፣ ጓደኛሽም ትስማው፦ ነፍሰ ጡር፣ የሚጥል በሽታ ያለባት፣ የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለባት፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ወይም የሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል፣ መላቀቅ ያለባት፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና ያደረገች፣ ከዚህ በፊት ከእውነታ ያስወጣት የአእምሮ ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) የነበረባት። አንድ ቀን ተሽሎሽ እንደገና ልሞክረው ካልሽ ደግሞ እነዚህን ሳይጠይቅ የሚያስገባ ቦታ አትግቢ። የምታምኛት ሰው አጠገብሽ ትቀመጥ። «እጄ ከተቆለፈ ምን ላድርግ?» ብለሽ ጠይቂው። «ቀስ በዪ፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ» ካለሽ ያውቃል። «ግፊበት» ካለሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። ከልምምዱ በኋላ በሚመጡት ቀናት ከማን ጋር እንደምታወሪም ይንገሩሽ፤ መልስ ከሌላቸው ያ ራሱ መልስ ነው።

ሐኪም ጋር ግን በዚህ ሳምንት ሂጂ። ልብ ያለ ምክንያት መምታቱ ከሐዘንና ከጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ ከደም ማነስ፣ አንገት ላይ ካለው ታይሮይድ ዕጢ፣ ከልቡ ራሱም ሊሆን ይችላል። በምርመራ የሚታወቅን ነገር በግምት ተሸክመሽ አትኑሪ። ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይም ትንፋሽሽ ዐርፈሽም ካልተመለሰ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ።

ስለ ሐዘኑም ባለሙያ አናግሪ። የዓለም ጤና ድርጅት የሕመሞች ዝርዝር ውስጥ የተራዘመ ሐዘን የሚባል አለ፤ ከባድ ናፍቆቱ ቢያንስ ስድስት ወር አልፎት ኑሮን ካሰናከለ የሚታይ ነው። አንቺ እሱ አለብሽ አላልኩም፣ በደብዳቤ አይታወቅም። ግን ስምንት ወር ሆኖሽ ደረትሽ ከከበደና እንቅልፍ ካጣሽ መጠየቅ ይገባሻል፤ ለዚህ የሚሆን የንግግር ሕክምናም አለ። እናቴን ልከተላት የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ። ብቻሽን አትደሪ።

ጓደኛሽ ወደዚያ የወሰደችሽ ስለጨነቃት ይመስለኛል። መንገዱ ባይሆንም ልቧ ጥሩ ነው። የሚረዳሽን ንገሪያት፦ ስለ እናትሽ እንድትጠይቅሽ። ምን ያስቃቸው እንደነበር፣ ሲቆጡ ምን ይሉ እንደነበር፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት እንዴት እንደነበሩ። አንዳንድ ሰው እንዳያስለቅስሽ ብሎ ስማቸውን መጥራት ይፈራል፤ አንቺ ካልፈቀድሽለት አያነሳውም። ስታወሪ እንባ ካልመጣም ወሬው ይቀጥል።

ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ። ስለ እንቅልፉ ለብቻው እመልስልሻለሁ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።